ወታደሩ ምን ሲሠራ እንደነበር ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ወታደር ሲባል ጥበቃ ብቻ ትዝ ለሚላቸው ቀጣሪዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከሠራዊት በሰላም የተሰናበቱ ባለሙያዎች በሙያቸው ስለሚመዘኑበት መንገድ

መጀመሪያ የማልጠይቀውን ልናገር። ቤት አልጠይቅም። መሬትም ብድርም አልጠይቅም። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ቆሜ እንዲጨበጨብልኝም አልፈልግም። የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። እሱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ ስጡኝ አላልኩም። ፈትናችሁ ስጡኝ ነው ያልኩት።

ሠራዊቱን የተቀላቀልኩት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ነው። የፈረምኩት ለ7 ዓመት ነበር። እሱን ጨርሼ፣ ጥቂት ጨምሬ፣ በገዛ ፈቃዴ ተሰናበትኩ። አልከዳሁም፤ አልተባረርኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌም ሙሉ ነው። በአገራችን ከሠራዊት ስለወጣ ሰው ሲወራ ወይ የቆሰለው ይነሳል ወይ ጄኔራሉ። የቆሰለው ቅድሚያ ይገባዋል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ጄኔራሉም ራሱን ያውቃል። እኔ የምጽፈው መሀል ላይ ስላለነው ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆነን፣ ሙያ በእጃችን ይዘን፣ አንድ ቀን ጠዋት የሲቪል ልብስ ለብሰን ስለወጣነው።

ስለ ጡረታም አልጽፍም። የዕድሜ ልክ አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። እኔ 10 አልሞላሁም። ይህን አውቄ ነው የወጣሁት።

ሙያዬ የከባድ ተሽከርካሪ ጥገና ነው። ኮርሱን የወሰድኩት እዚያው ሠራዊቱ ውስጥ ነው። እጄን የፈታሁት ግን ኦራል ሥር ተኝቼ ነው። ኦራልን የማያውቅ ካለ፣ ያ የሩሲያ ባለ ስድስት ጎማ ወታደራዊ መኪና ነው። ካምቢዮ አውርጃለሁ። ፍሪሲዮን ቀይሬያለሁ። የተሰበረ ባሌስትራ መንገድ ላይ አስሬ ሙሉ ጋንታ ሰፈሩ አድርሻለሁ።

ከዚያ አብዬ ተላክሁ። አብዬ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት መሬት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 እስከ 4,200 ወታደር ያለው ኃይል እዚያ እንዲገባ ሲወስን፣ ኃላፊነቱን የተሸከሙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ክረምት ሲገባ አብዬ መንገድ የሚባል ነገር የለም። አፈሩ መረሬ ነው። ጎማውን እስከ አክስሉ ውጦ ዝም ይላል። መኪናውን ከጭቃ ለማውጣት ሌላ መኪና ትልካለህ፤ እሱም ይቀራል። ከዚያ ሁለቱንም ለማውጣት መካኒኩ ይጠራል። መለዋወጫ ቶሎ አይመጣም። ስለዚህ ከቆመው መኪና ፈትተህ ለሚሄደው ትገጥማለህ፣ የገጠምከውንም በመዝገብ ትጽፋለህ። ጄኔሬተሩም የኛ ነበር። ጄኔሬተር ከቆመ የውኃ ማጣሪያው ይቆማል፣ የሐኪሞቹ ማቀዝቀዣ ይቆማል፣ መገናኛውም ይቆማል። ሌሊት ጄኔሬተር ድምፁን ሲቀይር ከእንቅልፍ የሚነሳ ሰው ሆንኩ። አሁንም ድረስ ጎረቤቴ ጄኔሬተር ሲያስነሳ እነቃለሁ። ሚስቴ ትስቃለች።

የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። መኪናውን አንድ በአንድ እያስነሱ ያያሉ። ተቆጥሮ ከገባው ተሽከርካሪ ቢያንስ 90 በመቶው የሚሠራ መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ድርጅቱ ለአገራችን ለመሣሪያው የሚከፍለው ገንዘብ ይቀነሳል። እንግዲህ አስቡት። አንድ አሥር አለቃ መኪና አስነሳ አላስነሳ የሚለው ነገር ለአገር በሚገባ ዶላር ይለካ ነበር። የውጭ አገር ተቆጣጣሪ ቆሞ ሥራዬን አይቶ ምልክት አድርጎ ሄዷል። ያ ምልክት የመኪናው ፋይል ውስጥ ነው። በኔ ፋይል ውስጥ የለም።

ተሰናብቼ አዲስ አበባ ስመጣ አንድ ትልቅ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። በሩ ላይ የከባድ መኪና መካኒክ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ነበር። ቢሮ የነበረችው ልጅ ወረቀቴን አገላብጣ አየችው።

«ወታደር ነበርክ?»

«አዎ እህቴ።»

«መካኒክ መሆንህ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

የትም አልተጻፈም። ማዕረጌ አለ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገልኩ አለ፣ መልካም ሥነ ምግባር እንደነበረኝ አለ። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ወረቀቴን በሁለት እጇ መለሰችልኝና «ጥበቃ ግን እንፈልጋለን፤ ተያዥ አለህ?» አለችኝ።

ስለ ተያዥ ትንሽ ልበል፣ ከጉዳዬ ብወጣም። ጥበቃ ለመቀጠር ደመወዝ ያለው ሰው ዋስ ይሆንሃል። እሺ። ግን ዕድሜውን በካምፕና በግዳጅ ያሳለፈ ሰው ከተማ ውስጥ ማንን ያውቃል? የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወታደሮች ናቸው። መሣሪያና ጥይት በፊርማ ሲረከብ ለኖረ ሰው፣ የመጋዘን በር ለመጠበቅ ተያዥ አምጣ ይባላል። የእህቴ ባል ባይኖር ኖሮ ለሱም አልበቃም ነበር። ኤጀንሲው ከደመወዙ ስንት እንደሚያስቀር ደግሞ ሌላ ቀን እንጽፋለን።

ጥበቃን እየናቅኩ አይደለም። ሠርቼበታለሁ። እንጀራ በልቼበታለሁ። ያልገባኝ፣ የምትችለው ያን ብቻ ነው ተብሎ አስቀድሞ ሲወሰን ነው። አንድ ጓደኛዬ የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳት ነበር። ደም አቁሟል፣ የተሰበረ እግር አስሯል፣ ግሉኮስ ተክሏል፤ ያውም ጥይት ሲያፏጭ። ዛሬ የአንድ የግል ክሊኒክ በር ይጠብቃል። ሰው ተሸክመው ሲመጡ በሩን ይከፍታል። ገብቶ መርፌ ይውጋ አላልኩም። የጤና ሙያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ መፈለጉም ትክክል ነው። ግን ከየትኛው ደረጃ ጀምሮ መማር እንዳለበት እንኳ የሚነግረው ሰው አላገኘም። ከዜሮ ጀምር ነው የሚባለው።

ሌላው ጓደኛችን የመገናኛ ባለሙያ ነበር። ሬዲዮ ይጠግናል። እሱ ተሳክቶለታል። ስልክ ጥገና ከፈተ። ለምን ተሳካለት ብትሉኝ፣ ደንበኛ ሰርተፍኬት አይጠይቅም። ስልኩ ከበራ ይከፍላል፤ ካልበራ ይጣላል። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችን አስቡ። ጥላሁን ገሠሠ ክቡር ዘበኛ ውስጥ ዘፍኗል። ጌታቸው መኩሪያ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ነፍቷል። ከነዚያ ባንዶች የወጡ ሙዚቀኞች ሆቴሉንም የምሽት ክበቡንም ሞልተውት ነበር። ማንም ወረቀት አምጡ አላላቸውም፤ ይሰማሉ። መካኒክ ግን ሥራውን ለማሳየት መጀመሪያ ግቢ መግባት አለበት። እኔን በር ላይ ነው የሚያቆሙኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የሙያ ብቃት ምዘናው አለ። ሲኦሲ የምንለውን ማለቴ ነው። አሠራሩን ሳየው ለኛ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ኮሌጅ የገባውም፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገውም በአንድ መስፈርት ቀርቦ በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል። ካለፈ ብቁ ይባላል፤ ካላለፈ ገና ብቁ ያልሆነ ይባላል። ይህችን «ገና» እወዳታለሁ፤ ተመለስና ሞክር ማለት ነው። ችግሩ ያለው ከፈተናው በፊት ነው። ለመመዝገብ ሙያው ላይ እንደነበርክ የሚያሳይ ነገር ትጠየቃለህ። ኮሌጅ የተማረው ውጤቱን ያመጣል። ጋራዥ ያደገው ባለ ጋራዡን ደብዳቤ ያጽፋል። ወታደሩ ምን ያምጣ? አንድ የምዘና ጣቢያ ሄጄ ስጠይቅ ባለሙያው በቅንነት መለሰልኝ። «የሚከለክልህ ሕግ የለም፤ ግን በምን ልመዝግብህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በምን ይመዝግበኝ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አሠሪ፣ ሠራተኛው ሲጠይቀው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገለበትን ጊዜና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ ጽፎ የመስጠት ግዴታ አለበት። በነጻ። የዳቦ ቤት ባለቤት ለሊጥ አቡኪው ይህን ይጽፋል። አዋጁ ግን ሠራዊቱን አይመለከትም፤ ሠራዊቱ የራሱ ሕግ አለው። ይገባኛል። የራሱ ሕግ ይኑረው። ግን ያቺ የሥራ ዓይነት የምትል አንዲት መስመር ለወታደሩም ብትገባለት ማን ይጎዳል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከመከላከያ ጋር ተቀመጡ። የሠራዊቱን የሙያ ዘርፎች ከእናንተ የሙያ ደረጃዎች ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። የከባድ ተሽከርካሪ ጥገና፣ ጄኔሬተር፣ ብየዳ፣ መገናኛ፣ የንብረት አያያዝ፣ ምግብ ዝግጅት፣ የመንገድ ሥራ ማሽን። እነዚህ ሁሉ የሲቪል ስም አላቸው። ከዚያ ወታደሩ ሲሰናበት ወረቀቱ ላይ ምን ሙያ ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሠራ ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ ሳይወጣ ይመዘን። የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ፣ እዚያው ካምፕ ውስጥ፣ የሚያውቀው መኪና ፊት ለፊት። ከወጣ በኋላ መታወቂያ ከወረዳ ወረዳ ለማዛወር መሸኛ ሲያፈላልግ፣ የቤት ኪራይ ሲያሯሩጠው፣ ለምዘና ጊዜም ገንዘብም የለውም።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቶ ቦቴ ሲነዳ ነበር። ሲወጣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣት ፈለገ። እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች ሁሉ የሚያወሩለትን ሲዲኤል ማለት ነው። የጽሑፉን ተፈተነ። የመንዳቱን ፈተና ግን ተውለት። እዚያ ከባድ የጦር መኪና ቢያንስ ሁለት ዓመት የነዳና ከጦሩ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ሰው ከመንዳት ፈተና ነጻ የሚሆንበት ደንብ አለ። በስልክ ሲነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። እኔ ይህን እንኳ አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ልፈተን።

አንዳንዱ አንባቢ «ለወታደር ኮሚሽን ሲቋቋም ስንት ጊዜ ሰምተናል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ የሚያቋቁመው ኮሚሽንም ተመሠረተ። አመዳደቡ በአብዛኛው ገጠርና ከተማ በሚል ነበር። የገጠሩ ልጅ ወደ ገጠሩ ተመለሰ፤ እህልና ዘር፣ ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠው። በሬ ክፉ ነገር አይደለም። ግን ዕድሜውን ታንክ ሲጠግን ለኖረ ሰው ሞፈር ማስጨበጥ ብክነት ነው፤ ለሱም፣ ለአገርም። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ተሰናበተ። በ2015 ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። እሱ የያዘው የቀድሞ ታጣቂዎችን ነው፤ ዕቅዱ ከ370 ሺህ በላይ ሰው ነው። ለነሱ የሚደረገው ይደረግ። ሰው ጠመንጃ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሲገባ ቅር የሚለኝ አይደለሁም።

ግን ልብ በሉ፤ ሁሉም የጅምላ ነው። በጅምላ ስትወጣ ኮሚሽን ይቋቋማል፣ በጀት ይመደባል፣ ካሜራ ይመጣል። ውልህን ጨርሰህ ለብቻህ ስትወጣ በር ላይ ያለው ዘብ «ቻው ጓዴ» ይልሃል፤ አለቀ። እንዲህ በየወሩ የምንወጣው ሰዎች ለወሬ አንመችም። ተጠራቅመን ግን ብዙ ነን።

የሚነሱ ተቃውሞዎችን አውቃቸዋለሁ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬባቸዋለሁ። አንዱ ምስጢር ነው። ወታደሩ ምን እንደሠራ መጻፍ ምስጢር ያወጣል ይላሉ። የክፍሉን ስም ጻፉ አላልኩም፤ የት እንደነበረ ጻፉ አላልኩም። ዲዝል ሞተር መጠገን ምስጢር አይደለም። ሌላው ሐሰተኛ ወረቀት ነው። እሱ የሚያሳስብ ነው፤ አገራችን ውስጥ ማኅተም ምን ያህል እንደሚረክስ አይተናል። ለዚህ እኮ ነው በወረቀቱ ብቻ ቅጠሩኝ ያላልኩት። ወረቀቱ ፈተናው ክፍል ድረስ ያድርሰኝ። ከዚያ ሞተሩ ይፍረድ።

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። ሙያተኛው የሲቪል ሰርተፍኬት ከያዘ ሁሉም ጥሎ ይወጣል ይላሉ አለቆቻችን። አንድ የማከብራቸው ሻለቃ «ልጄ፣ አንተን አስተምሬ ለጋራዥ ላስረክብ?» ብለውኛል። ሻለቃዬ፣ መልሴ ያኔም ይኸው ነበር። ሰው የሚወጣው ሰርተፍኬት ስላለው አይደለም። ሚስት ስለሚያገባ፣ እናቱ ስለምትታመም፣ ስለሚደክመው ነው የሚወጣው። ያለ ሰርተፍኬትም ወጥቷል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ይልቅ አሁን ለመመዝገብ እያመነታ ያለው የሰፈሬ ልጅ የሚያየው እኔን ነው። ሰባት ዓመት አገልግሎ በር ላይ የቆመውን ሰው አይቶ ነው የሚወስነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። እግረኛው። መትረየስ ተኳሹ፣ ምሽግ ቆፋሪው፣ ተራራ ወጪው። የሱ ሙያ የሲቪል ስም የለውም። እሱን ምን ብላችሁ ትመዝኑታላችሁ? የመታዘዝ፣ የማስተባበር፣ ሃያ ሰላሳ ሰው የመምራት ችሎታ አለው፤ ግን ይህን የሚለካ ፈተና አላየሁም። ለሱ ምናልባት ከመውጣቱ በፊት አጭር የሙያ ሥልጠና ይሻለው ይሆናል። እዚህ ላይ እናንተ ከኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው የመካኒኩን ነው።

ዛሬ ቃሊቲ አካባቢ አንዲት ትንሽ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፤ እጄን አይቶ ነው ያስገባኝ። በደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን ረዳት ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ የደረጃ 3 የሙያ ሰርተፍኬት ያለው ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፤ በኤሌክትሪክ በኩል ከኔ ይበልጣል፣ ኮምፒውተር ገጥሞ ጥፋት ይፈልጋል። ካምቢዮ ሲወርድ ግን እኔን ነው የሚጠራው። እኔ አወርዳለሁ፣ እኔ እገጥማለሁ፣ እሱ ይፈርማል። ሁለታችንም እናፍራለን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንተ ፈርም» አለኝ። ጋሼ ያለኝ አሥር ዓመት እንኳ ስለማልበልጠው ገረመኝ፤ መረሬው ሳያስረጀኝ አልቀረም። ልፈርም ብል ግን ድርጅቶች የጥገናው ወረቀት ላይ የባለሙያ ደረጃ ይጠይቃሉ።

በአንዴ ለሁሉም አድርጉት አልልም። በአንድ የምዘና ማዕከል፣ በሦስት ሙያ ጀምሩት፦ የከባድ ተሽከርካሪ ጥገና፣ ጄኔሬተርና መገናኛ። እስካሁን ለወጣነው፣ ወረቀታችን ባዶ ለሆነው፣ አብሮን ያገለገለ አለቃ የሚፈርምበት አንድ ቅጽ አዘጋጁ። የምዘናውን ክፍያ እኛው እንከፍላለን፤ ነጻ ይሁን አላልንም። ፈተናው በአማርኛም ቢሆን ደስ ይለናል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነም የዕቃዎቹን ስም ከጣሊያንኛው ጋር ያስቀምጡልን፤ እኛ ኩሽኔታ እንጂ ሌላ ስሙን አናውቅም። የክሊኒኩን በር የሚጠብቀው ጓደኛዬ ደግሞ የጤናው ጉዳይ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ስትነጋገሩ የሱን ነገር አንሱለት። ለስብሰባ ወይም ለጥያቄ ከፈለጋችሁት የማታ ተረኛ ስለሆነ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይመቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የሠራዊት አባል፣ የከባድ ተሽከርካሪ መካኒክ
አዲስ አበባ